ለእመቤቴ የሰጠኋት ጆሮ

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ አንድ ቀን በጎንደር ፒያሳ ሳልፍ የስልክ ማዞሪያችንን ተሸክመው ሲያወጡት አየሁ። ከእንግዲህ ሰው ራሱ ቁጥር እየመታ ይነጋገራል፤ መሐል የሚቀመጥ ሠራተኛ አያስፈልግም ተብሏል። ሸክመኞቹ መኪናው ላይ ሲወረውሩት በየቀዳዳው ያሉት ትንንሽ ክዳኖች ባንድ ጊዜ ረገፉ። ደንግጬ ቆምኩ። በሥራ ዘመኔ አንድ ክዳን ሲወድቅ አንድ ሰው እየጠራኝ ነው ማለት ነበር። ያን ዕለት አገሩ ሁሉ ባንድ አፍ የጠራኝ መሰለኝ።

ልጆቼ ጻፊው ስላሉኝ እጽፋለሁ። ብዙ ቃል የለኝም። ዕድሜዬን የሰው ቃል ሳሳልፍ ኖሬ ለራሴ ያስቀረሁት ጥቂት ነው።

ባለቤቴ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ጠላት ከወጣ ጥቂት ዓመታት በኋላ ሊማሊሞ ላይ መኪናው ገደል ገባ። ልጃችን ደሴ አምስት ዓመቱ ነበር፤ እናኑ ጡት መጣሏ ነው። ተዝካሩ እንደ ወጣ አማቴ እማማ ስንዱ ሁለቱንም ይዛ ወደ አምባ ጊዮርጊስ ልትመለስ ተነሣች።

«ልጆቹ የልጄ ዘር ናቸው፤ እህል ባለበት ይደጉ። አንቺ ገና ልጅ ነሽ፤ ነገ ባል ታገቢያለሽ» አለችኝ።

«አላገባም።»

«ሁሉም በለቅሶ ቤት እንዲህ ይላል። የራስሽ ሥራ፣ ዛሬ ኖሮ ነገ የማይቀር ሥራ ሲኖርሽ ነይና ውሰጂያቸው። እግዜር ምስክሬ ነው፣ አልከለክልሽም።»

ክፉ ሴት አልነበረችም። ያለችውን የምታደርግ ሴት ነበረች። ስለዚህ የእኔ ሐሳብ ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ብቻ ሆነ፤ ቋሚ ሠራተኛ ሆኜ ልጆቼን ማምጣት።

አባቴ መሪጌታ ነበሩና ፊደልና ዳዊት በቤት አስተምረውኛል፤ ጥቂት ዓመትም የመንግሥት ትምህርት ቤት ገብቻለሁ። ስልክ ቤት ሴት ይፈልጋል ሲባል ሄድኩና በሙከራ ተቀጠርኩ። ደመወዙ ለቤት ኪራይና ለሽሮ ይበቃ ነበር። የሙከራው ዓመት ያለ ጥፋት ካለቀ ቋሚ ያደርጉኛል።

ኃላፊያችን አቶ ደምሴ ቀልድ የሚወዱ ሰው ነበሩ። ገና ስገባ አይተውኝ፣ «እንግዲህ የከተማውን ምስጢር ሁሉ ለሴት ልንሰጥ ነው። የሴት ጆሮ ወንፊት ነው ይባላል» አሉ።

ማዞሪያው ላይ ጥቁር ቀሚስ የለበሱ ሴት ተቀምጠው ነበር። ዘወር ሳይሉ መለሱላቸው። «ወንፊት ያሳልፋል፤ ስልከኛም ሥራዋ ማሳለፍ ነው። ምን ጎደለ ጌታው?»

እኒህ ሴት እትዬ ጽጌ ነበሩ። ሥራውን አስመራ የተማሩ ናቸው። እኔንም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።

የመጀመሪያውን ቀን አልረሳውም። ማዳመጫውን ራሴ ላይ ደፉልኝ፣ አንድ ክዳን ወደቀ፣ እንዳሳዩኝ ገመዱን ሰካሁ። «ሄሎ! ስልከኛ! ተኝተሻል?» የሚል የወንድ ድምፅ ከገዛ ጭንቅላቴ ውስጥ ተነሣ። ማዳመጫውን ወርውሬ ወደ ኋላዬ ዞርኩ። እትዬ ጽጌ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

«ከኋላሽ የለም የሺ፤ ደብረ ታቦር ነው ያለው።»

ከሳቁ በስተቀር በሥራ ላይ ትርፍ ነገር አያደርጉም ነበር። ጠዋት ገብተው የማዳመጫውን አፍ በጨርቅ ይጠርጋሉ፣ ያማትባሉ፣ ሁለት እግራቸውን እኩል ወለሉ ላይ አሳርፈው ይቀመጣሉ። ጠሪውን ማን ነህ አይሉም፣ ወዴት ነው ይላሉ። ሁለቱ ሰዎች ሄሎ ሲባባሉ ብቻ ሰምተው፣ «ይነጋገሩ» ብለው የሚሰሙበትን ቁልፍ ይመልሳሉ። ከዚያ ቀኝ እጃቸው ገመዱ ላይ፣ ግራ እጃቸው ጥቁር መቁጠሪያ ላይ ይሆናል። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ቁልፉን ገፋ አድርገው «ጨረሱ?» ይላሉ፤ ካልጨረሱ እንደገና ወደ መቁጠሪያው።

«ጆሮ ባዶ ቤት ነው» አሉኝ። «አንቺ ካልተቀመጥሽበት ሌላ ይሰፍርበታል። ምን እንደምታስቀምጪበት አንቺ ታውቂያለሽ።»

እውነትም ሰፈረበት። በሳምንት ውስጥ ማን ከማን እንደተጣላ፣ የማን ልጅ ከማን እንዳረገዘች ሰማሁ። በሌሊት ለማኅሌት የሚነሡ ሰዎች በቀን ምን እንደሚነጋገሩም ሰማሁ። ውኃ ስቀዳ ጎረቤቶቼ ይከቡኛል። «የሺዬ፣ ያ ጉዳይ እውነት ነው? አንቺማ ታውቂያለሽ» ይሉኛል። ምላሴ ጫፍ ላይ ይደርሳል። አንድ ቃል ባመለጠኝ ቀን ሥራዬም ልጆቼም እንደሄዱ አውቅ ነበር።

ለንስሐ አባቴ ለአባ ወልደ ሥላሴ ነገርኳቸው። «ለእመቤቴ ስእለት ልሳል። ቋሚ ከሆንኩና ልጆቼ ከመጡልኝ ጥላ አገባላታለሁ» አልኳቸው።

«ጥላማ ሞልቷታል» አሉ አባ። «ዕቃ ቤቱን ብታይ መተላለፊያ የለውም። ልጄ፣ የሚያስቸግርሽ ጆሮሽ ከሆነ እሱን ስጫት። ከዛሬ ጀምሮ በዚያ ሽቦ የሚገባው ነገር ያንቺ አይደለም፤ የእሷ ነው። የእሷን ዕቃ ደግሞ ሜዳ ላይ አትዘረጊም። በጾም ጊዜ አፍሽ ብቻ ነው እንዴ የሚጾመው?»

ሰጠኋት። ያን ዕለት ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ ቀሎኝ ነበር። ጎረቤት ሲጠይቀኝ «የእኔ አይደለም» እላለሁ፤ ውሸትም አይደለም። እነሱ «ምን ነክቷታል?» እያሉ ይስቁብኛል። ሑዳዴ መጣ፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ ሳልቀምስ ስናገር ውዬ ጉሮሮዬ ቢደርቅም ጆሮዬ ንጹሕ ነበር። አንዱ ጾም ሌላውን እየደገፈው ይመስለኛል። አንድ ሰው ለአንድ ዓላማ ራሱን ማሰር ሲፈልግ፣ በገዛ ፈቃዱ ብቻ ከታሰረ ማታ ይፈታዋል። እኔ የታሰርኩት በሌላ እጅ ነበርና መፍታት አልቻልኩም። ለዚህ ዛሬም አመሰግናለሁ።

ነገር ግን አበዛሁት። እትዬ ጽጌ መቁጠሪያ ይዘው ሳይ፣ ጆሮአቸውን በጸሎት የሚዘጉ መሰለኝ። እኔም መስመር ባገናኘሁ ቁጥር የዕለቱን ጸሎት በቃሌ እጀምርና እስከ መጨረሻው እወርዳለሁ። የተጀመረ ጸሎት አይቋረጥም ብለው አባቴ ናቸው ያሳደጉኝ።

የሙከራ ዘመኔ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ወይዘሮ አስካለ የምትባል የከተማችን ሴት ከደባርቅ ወንድሟ ይፈልግሻል ተብላ በመልእክተኛ ተጠርታ መጣች። ከማዞሪያው አጠገብ ባለችው በመስታወት በር ጠባብ ክፍል አስገባኋት፣ አገናኘኋቸው፣ «ይነጋገሩ» ብዬ ወደ ጸሎቴ ሄድኩ። ወንድሟ «እናታችን ታማለች፣ ቶሎ ነይ» እንዳለ መስመሩ ተበጠሰ። እሷ ሄሎ ሄሎ ትላለች። እኔ ጸሎቴን ስላልጨረስኩ ጨረሱ ብዬ አልገባሁም፣ መልሼም አላገናኘኋቸውም።

በእኛ አገር ሞትን በቀጥታ የሚናገር የለም። ከሩቅ ሆኖ «ታማለች» ያለ ሰው ሞታለች ማለቱ ነው። አስካለ በሩን በርግዳ ወጣች፣ ነጠላዋን አገለደመች፣ ፒያሳ መሐል ላይ «እናቴን!» ብላ ጮኸች። ዘመድ ተሰበሰበ። በማግሥቱ ፀጉራቸውን ተላጭተው፣ ፊታቸውን ነጭተው፣ በአውቶቡስ ሙሾ እያወረዱ ደባርቅ ገቡ። እናትየዋ ግድግዳ ተደግፋ ፀሐይ እየሞቀች ቅንጬ ስትበላ ደረሱባት።

አሮጊቷ የገዛ ስሟ በሙሾ ሲጠራ ሰማች። ልጇን ተላጭታ አየቻት። አንድ ቃል ብቻ ተናገረች አሉ፤ «ለቅሶዬን ከሰማሁ ከእንግዲህ ምን ቀረኝ?» መኝታዋ ላይ ወጣች፣ እህል አልቀምስም አለች፤ ወሩ ሳይወጣ ሞተች።

ወንድምየው ስልክ ቤት መጣ። አልጮኸም። በሩ ላይ ቆሞ፣ «ታማለች፣ ቶሎ ነይ፣ ሐኪም ቤት እንውሰዳት ነበር ያልኩት። የቀረውን ቃሌን ማን በላው?» አለ።

እስከ ዛሬ ያን ጥያቄ በጆሮዬ እሰማዋለሁ።

አቶ ደምሴ ያን ጊዜ አልቀለዱም። የሙከራ ዘመኔ እንደገና ከመጀመሪያው እንዲቆጠርና ወደ አዘዞ እንድዛወር አደረጉ። ለእማማ ስንዱ መልእክት ላክሁ፤ «ቆይቻለሁ፣ ይጠብቁኝ»። የመጣው መልስ፣ «ጠብቄያለሁ፤ እናኑ ግን እኔን እማዬ ማለት ጀምራለች» የሚል ነበር።

ወደ አዘዞ ከመሄዴ በፊት እትዬ ጽጌ መቁጠሪያቸውን መዳፌ ላይ አስቀመጡት።

«ይህን ለምን የምቆጥረው ይመስልሻል?»

«ለጸሎት ነዋ።»

«ለጸሎትም ለሥራም ነው። እግዚአብሔር እንደሆነ አይቆጥርም። ዙሩ ሲያልቅ ወደ መስመሩ እገባለሁ፤ ጨረሱ እላለሁ። አንድ ዓመት ሙሉ ይህን ስሠራ አይተሽኛል፤ ምነው አንድ ቀን ብትጠይቂኝ?»

አባ ወልደ ሥላሴ ደግሞ እንዲህ አሉኝ፦ «ጾም ማለት አፍን መስፋት ነው እንዴ? የጾመ ሰው የራሱን ምሳ ለተራበ ይሰጣል። ጆሮሽም ለራሱ አይብላ፤ ለሌላው ግን ያብላ። የሰጠሻት የሚሰማ ጆሮ ነው፤ ደንቆሮ ጆሮ ምን ያደርግላታል?»

አዘዞ መስመሩ ደካማ ነበር። ሁለቱ ሰዎች እርስ በርሳቸው የማይሰማሙበት ጊዜ ይበዛል፤ እኔ ግን መሐል ስላለሁ ሁለቱንም እሰማለሁ። ያን ጊዜ የአንዱን ቃል ለሌላው እደግማለሁ። ይህ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። አይጨመርም፣ አይቀነስም፤ ቃሉ ቢያለቅስ አይለቀስም፣ ቢሳደብ አይሳቅም። አንድ ወታደር ጎንደር ካለች ሚስቱ ጋር ተጣልቶ፣ «ጉድሽን ሰምቻለሁ በያት» ይለኛል። «ጉድሽን ሰምቻለሁ ይላሉ» እላለሁ። «የራሱን ጉድ ከየት ወገን እንጀምርለት በይው!» ትላለች። «የራስዎን ጉድ ከየት ወገን እንጀምርልዎ ይላሉ።» ወታደሩ፣ «አንቺ ስልከኛ፣ እውነት እንዲህ አለች ወይስ አንቺ ነሽ?» አለኝ። ጥርሴን ነክሼ የመቁጠሪያዬን ዙር ቆጠርኩ።

ከዓመት በላይ አዘዞ ሠርቼ ወደ ጎንደር ማዞሪያ ተመለስኩ። ቋሚ ለመሆን ጥቂት ቀርቶኝ ነበር።

ወሩ ኅዳር ነበር፤ የአምባ ጊዮርጊስ አገር ወገራ ገብስ የሚያጭድበት። ከአምባ ጊዮርጊስ ወዲህ ምሰሶዎች ወድቀው ሽቦው ሣር ላይ ተኝቶ ስለነበር መስመሩ ደክሟል። ከቀትር በፊት የአምባ ጊዮርጊስ ክዳን ወደቀ።

«ሐኪም ቤት አገናኙኝ! ፈንታ ነኝ፣ ቁስል አካሚው ድሬሰር! ቁስለኛውን ስልክ ቤት ድረስ ተሸክመን አምጥተነዋል!»

አገናኘሁ። ሐኪሙ ሄሎ ይላል፣ አያ ፈንታ ሄሎ ይላሉ፤ አይሰማሙም። ገባሁ።

«አትጩኹ፤ ቃላችሁን እኔ አደርሳለሁ። አያ ፈንታ፣ ይናገሩ።»

«ልጅ ነው። አጫጆች መሐል ገብቶ ማጭድ ጉልበቱን ከኋላ ቆርጦታል። ደሙ አልቆም አለኝ።»

ለሐኪሙ ደገምኩለት። «ይፈስሳል ወይስ ይፈነጥቃል? ዕድሜውስ?» አለ። ለአያ ፈንታ ደገምኩ።

«ይፈነጥቃል። ሰባት ዓመቱ ነው። ደሴ ነው፣ የእማማ ስንዱ የልጅ ልጅ፤ አባቱ ሊማሊሞ የሞተው።»

ከፊቴ ያለው ማዞሪያ ሁሉ ነጭ ሆነ። ገመዱን የያዘው እጄ የማን እንደሆነ ጠፋኝ። በመስመሩ ላይ ይህን ቃል የሰማሁ እናት እኔ ብቻ ነበርኩ። እኔ ብጮህ አያ ፈንታ ጩኸት ይሰማሉ፣ ሐኪሙ ጩኸት ይሰማል፤ ልጄ ደሙ ያልቃል።

«ይፈነጥቃል። ሰባት ዓመቱ ነው» አልኩ። ስሙን ሐኪሙ አልጠየቀም፤ አልነገርኩትም።

«በጀርባው ያስተኛው» አለ ሐኪሙ። «ብሽሽቱ ላይ በጡጫው፣ በሙሉ ክብደቱ ይጫን። ቁስሉ በንጹሕ ጨርቅ ይታሰር። ጨርቁ ቢርስ እንዳይፈታው፤ በላዩ ይጨምር።»

አንድ አንዱን አደረስኩ። «በጀርባው። ብሽሽቱ ላይ፣ በጡጫ፣ በሙሉ ክብደት። ቢርስ አይፈታም፤ ይጨመርበታል።» ከወዲያ ማዶ የሴት ጩኸት ይሰማኛል። አያ ፈንታ፣ «አያቱ የተፈጨ ቡና ካልነሰነስንበት ትላለች» አሉ። ለሐኪሙ ደገምኩ፤ «ምንም ነገር እንዳይነካው» አለ፤ ደገምኩ።

«ዓይኑን እየከደነብኝ ነው» አሉ አያ ፈንታ።

«ዓይኑን እየከደነ ነው» አልኩት ለሐኪሙ።

«እግሮቹን ከፍ ያድርጉ። ይሸፍኑት። ያናግሩት። መኪና ልኬያለሁ።»

«እግሮቹን ከፍ። ይሸፈን። ያናግሩት። መኪና ተልኳል።» ከዚያ አፌ አንድ ቃል ሊጨምር ተከፈተ። «እናትህ አለች በሉት» ሊል ነበር። አያ ፈንታ እኔ መሆኔን ቢያውቁ እኔን ለማጽናናት እጃቸው ይላላል ብዬ ፈራሁ። ዘጋሁት። አልጨመርኩም፤ አልቀነስኩም።

መስመሩን ይዤ ተቀመጥኩ። አንድ ዙር እቆጥራለሁ፣ እገባለሁ፤ «አያ ፈንታ፣ እንዴት ነው?» «አለ።» እንደገና እቆጥራለሁ። ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ ብዙ ዙር ሆነ። ሌሎች ክዳኖች ሲወድቁ አያለሁ፤ ከኋላዬ የተዘረጋ እጅ ያነሣቸዋል። በመጨረሻ አያ ፈንታ፣ «መኪናው ደረሰ። እስትንፋሱ አለ» አሉኝ።

እትዬ ጽጌ ነበሩ ከኋላዬ። ማዳመጫውን ከራሴ ላይ አወለቁልኝ። ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ፤ ድምፅ የለም። ጉሮሮዬን ያዝኩ፣ ሞከርኩ፣ የለም። የልጄ ስም ከማዳመጫዬ አምልጦ ሲወጣ ሰምተው ኖሯል። አቶ ደምሴን፣ «ወንበሩን ያዙ ጌታው» ብለው እጄን ይዘው ወደ ሐኪም ቤት ወሰዱኝ።

ደሴን ሲያወርዱት ከንፈሩ ነጭ ነበር። በሩ ተዘጋ። እማማ ስንዱ በደም የራሰ ነጠላዋን እንደያዘች ግቢው ውስጥ አገኘችን።

«ማን ነገረሽ?» አለችኝ። ዝም ስላት ፊቷን ወደ እትዬ ጽጌ አዞረች። መናገር ነበረባት፤ ካልተናገረች የምትወድቅ ትመስል ነበር። «የፈንታ እጅ ልጁ ላይ ስለነበር ስልኩን ጆሮው ላይ ያስደገፍኩለት እኔ ነኝ። ያቺን ስልከኛ ሰማኋት። ልጄ ያልቃል፣ እሷ እንደ ዳዊት ትደግማለች። ድምፅዋ ንቅንቅ አይልም! ምን ዓይነት ፍጥረት ናት? ያቺ አልወለደችም። ወልዳ አታውቅም።»

«ወልዳለች» አሉ እትዬ ጽጌ።

«ምን አልሽ?»

«ያቺ ስልከኛ ወልዳለች። ልጇን እዚያ ውስጥ እየሰፉላት ነው።»

እማማ ስንዱ አየችኝ። እጇ ወደ አፏ ሄደ። ቀስ ብላ መሬት ላይ ተቀመጠችና፣ «ምነው… ምነው አንቺ ልጅ…» ብላ አልጨረሰችውም።

ሐኪሙ ወጥቶ ልጁ እንደሚተርፍ ነገረን። እግሩም ቀረለት፤ ዛሬ ሲደክመው ብቻ ያነክሳል። ክብር ለእግዚአብሔር ይሁን።

ድምፄ ደሴ ከሐኪም ቤት ወጥቶ እኔ ቤት እስኪያርፍ ድረስ አልተመለሰም። የቋሚነቱ ወረቀት በኋላ ደረሰ፤ እማማ ስንዱ ግን አልጠበቀችውም። አንድ ጠዋት በሬን ስከፍት እናኑን በጀርባዋ አዝላ፣ የልጆቹን ልብስ በአንድ እጇ ይዛ ቆማለች። ሥራዬን አልጠየቀችኝም። አልገባችምም።

«ድምፅሽ ተመለሰ አሉኝ። እስኪ ተናገሪ» አለች።

«ይግቡ እማማ፤ ቤትዎ ነው» አልኩ።

አንገቷን ደፍታ አዳመጠች። «ሌላም ተናገሪ።»

«ልጆቼን ስላሳደጉልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»

ከዚያ ራሷን ነቀነቀች። «አይደለም» አለች። «ያ ድምፅ ይህ አይደለም። በዚህ ጆሮዬ ሰምቼዋለሁ። ያች ሌላ ናት።»

ለማንም ያልነገርኩት ይህንኑ ነበር። ያን ቀን ከአፌ ሲወጣ የሰማሁትን ድምፅ እኔም አላውቀውም። ዳር ቆሜ፣ ለእመቤቴ በሰጠኋት ጆሮ፣ እንደ ሌላ ሰው ነበር ያዳመጥኩት።

እማማ ስንዱ አማተበች። እኔም አማተብኩ። ከዚያ እናኑን ከጀርባዋ አወረድኩላት፤ ሦስታችንም ገባን።